አይዳ በዓባይ ዳር፦ የቬርዲ ዜማዎች በወሎ ጆሮ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት ዜማዎች ነው። ልዕልቲቱ በታሪክ መዝገብ የለችም። ታሪኳን ያሰበው ኦጉስት ማሪየት የሚባል ፈረንሳዊ የጥንታዊት ግብፅ ተመራማሪ ነው፤ በጣሊያንኛ ግጥሙን የጻፈላት አንቶኒዮ ጊዝላንዞኒ ነው፤ ዜማዋን የሠራላት ደግሞ ጁዜፔ ቬርዲ። ስሟ አይዳ ይባላል፤ የኦፔራውም ስም ይኸው ነው። ከ150 ዓመት በላይ በዓለም ታላላቅ መድረኮች ላይ ቆማ ስለ አገሯ ስታንጎራጉር፣ አገሯ የተባልነው እኛ ግን ጆሯችንን ሰጥተን አላደመጥናትም። ይህን እዚህ ወሎ፣ ወግዲ ላይ ቆሜ የማወራበት ምክንያት አለኝ። የሥራው ልብ የሆነው ሦስተኛው ገቢር የሚዘፈነው በዓባይ ዳር ነው። ያ ውኃ ከዚህ ከደጋችን በታች፣ እኛንና ጎጃምን በሚለየው ገደል ውስጥ አልፎ የሚወርደው ውኃ ነው።

ኦፔራን አይቶ ለማያውቅ ሁለት ነገር ብቻ ልናገር። ኦፔራ ተዋንያኑ የሆዳቸውን ሁሉ በዜማ የሚያወጡበት ቴአትር ነው፤ ፍቅሩም፣ ተንኮሉም፣ የጦር ምክሩም በዜማ ነው። ደግሞም ድምፅ ማጉያ የለም። አንዲት ሴት ፊት ለፊቷ ሙሉ ኦርኬስትራ እየተጫወተ ድምፅዋን በጉሮሮዋ ብቻ እስከ መጨረሻው ወንበር ማድረስ አለባት፤ ዝግ ብላ ስታንጎራጉር ጭምር። ሠርግ ቤት ያለ ማይክራፎን ያደረ አዝማሪ ይህ ምን ያህል ጉልበትና ጥበብ እንደሚጠይቅ ያውቀዋል።

ነገሩ የተጀመረው ካይሮ ነው። የግብፁ ገዢ ኬዲቭ ኢስማኤል አገራቸውን ከአውሮፓ እኩል ለማሳየት ከሠሩት ብዙ ሥራ አንዱ የኦፔራ ቤት ነበር። ቤቱ በ1869 እ.ኤ.አ. በቬርዲ "ሪጎሌቶ" ተመረቀ። ቀጥለው ከጥንታዊት ግብፅ የተቀዳ አዲስ ኦፔራ ፈለጉና ቬርዲን በ150 ሺህ ፍራንክ ተዋዋሉት። ብዙ ሰው "አይዳ" ለስዊዝ ቦይ ምረቃ የተጻፈ ይመስለዋል፤ ቦዩ በ1869 ሲከፈት ግን ቬርዲ ሥራውን ገና አልጀመረም። ዜማው ካለቀ በኋላም ትርዒቱ ዘገየ፤ አልባሳቱና የመድረክ ጌጡ የተሠራው ፓሪስ ነበርና የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ሲከባት ዕቃው እዚያው ታሰረ። በመጨረሻ በ24 ዲሴምበር 1871፣ በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም.፣ በጆቫኒ ቦቴሲኒ መሪነት ካይሮ ላይ ታየ። ቬርዲ ራሱ አልሄደም። እርሱ ልቡን የጣለው በቀጣዩ ፌብሩዋሪ በሚላኖው የላ ስካላ ኦፔራ ቤት በሚታየው ላይ ነበር።

ቀኑን ከእኛ ታሪክ ጎን አስቀምጡት። ካይሮ በታኅሣሥ 1864 የኢትዮጵያን ንጉሥ በሰንሰለት አስሮ በመድረክ አሳየ፤ በጥር 1864 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ዘውድ ጫኑ። አራት ዓመት ሳይሞላ ያው ኬዲቭ ጦራቸውን ወደ ኢትዮጵያ አዘመቱ። በ1868 ዓ.ም. ውጊያው መጀመሪያ ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎ ጉራ ላይ ተደረገና ድሉ የዐፄ ዮሐንስ ሆነ። በመድረኩ ላይ ግብፆች ያሸንፋሉ፤ በሜዳው ላይ የሆነው ሌላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸፍን ልናገር። የኦፔራው "ኢትዮጵያ" የጥንቱ የኩሽ አገር ነው፤ በታሪኩ ውስጥ የሚጠራው የናፓታ ሸለቆም ያለው በዛሬዋ ሱዳን ሰሜን ነው። ቢሆንም በ1871 እ.ኤ.አ. አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት የኬዲቩ ሹማምንት ኢትዮጵያ ሲባል ማንን እንደሚያስቡ መገመት አያቅትም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አይዳ በጦርነት ተማርካ የግብፁ ንጉሥ ልጅ የአምኔሪስ አገልጋይ ሆናለች፤ ልዕልት መሆኗን ማንም አያውቅም። ራዳሜስ የሚባል የግብፅ ጦረኛ ይወዳታል፣ ትወደዋለች፤ አምኔሪስም እሱኑ ትወዳለች። የአይዳ አባት ንጉሥ አሞናስሮ በግብፅ ላይ ይዘምታል። ራዳሜስ ጦሩን መርቶ ያሸንፋል፤ አሞናስሮ ማንነቱን ደብቆ ይማረካል። ኋላም አባት ልጁን የፍቅረኛዋን የጦር ምሥጢር እንድታወጣ ያስገድዳታል። ምሥጢሩ ይወጣል፤ ራዳሜስ ከነሕይወቱ እንዲቀበር ይፈረድበታል፤ አይዳ ቀድማው ገብታ መቃብሩ ውስጥ ትጠብቀዋለች።

አሁን ወደ ዜማው እንግባ። መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ኦርኬስትራው ሁለት ዜማ ያሰማል። መጀመሪያ ቫዮሊኖች ብቻቸውን፣ በጣም ዝግ ብለው፣ የአይዳን ዜማ ይጀምራሉ። በግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ እየተንፏቀቀ የሚሄድ፣ የት እንደሚያርፍ የማያስታውቅ ዜማ ነው። ቀጥሎ የካህናቱ ዜማ ይመጣል፤ ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ የሚወርድ፣ አንዱ መሣሪያ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለ የሚያስኬደው። ከዚያ ሁለቱ ይጋጫሉ። በእኔ አስተያየት የኦፔራው ምሥጢር ሁሉ እዚህ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ አለ። ቬርዲ ለባለ ሥልጣኖቹ ዳር ዳሩ የታሰረ፣ መጨረሻው የሚታወቅ ዜማ ሰጣቸው። ለኢትዮጵያዊቷ የሰጣት ግን መዝጊያ የተነፈገውን ነው፤ ዜማዋ ሊያርፍ ሲል ይሰበራል፣ ወይም ሌላ ሰው ይገባበታል። በሙሉ ልብ የሚዘጋላት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የት እንደሆነ ስንደርስ አሳያችኋለሁ።

የመጀመሪያው ነጠላ ዜማ የራዳሜስ ነው፤ "ቼሌስቴ አይዳ" ይባላል። የጦር አዝማች ሆኜ በተመረጥሁ ብሎ ሲመኝ ትራምፔትና ትሮምቦን ይመልሱለታል፤ አይዳን ሲያስብ መለከቱ ዝም ይላል፤ ዜማውም በስድስት ስምንተኛ ምት እየተወዛወዘ ከታች ወደ ላይ ይነሣል። ቴነሮች፣ ማለትም ባለ ከፍተኛ ድምፅ ወንድ ዘፋኞች፣ ይፈሩታል፤ መጋረጃው በተከፈተ በጥቂት ደቂቃ፣ ድምፅ ሳይሟሟቅ የሚመጣ ዜማ ነው። መጨረሻው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ከፍተኛውን ሲ ፍላት ቬርዲ ያዘዘው ዝግ ተብሎ፣ እየከሰመ እንዲሄድ ነው። አብዛኛው ዘፋኝ ግን በሙሉ ጉልበቱ ይጮኸዋል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ቬርዲ ይህን የጉሮሮ ችግር ስላወቀ ካፖኒ ለሚባል ቴነር ሌላ መውጫ ሰጠው፤ ከፍተኛውን ድምፅ በጉልበት ካወጣ በኋላ የመጨረሻዋን ሐረግ ወደ ታች ወርዶ በለሆሳስ ይደግማታል። የኦርኬስትራ መሪው አርቱሮ ቶስካኒኒ በ1949 በአሜሪካ ሬዲዮ ሲያስቀርበው ቴነሩን ሪቻርድ ታከርን ያዘፈነው እንዲህ ነው። ለእኔ ትክክለኛው ቬርዲ መጀመሪያ ያዘዘው፣ እየከሰመ የሚሄደው ነው። ሰውየው ለራሱ ሕልም እያወራ ነው፤ ሕልም አይጮኽም።

የአይዳ የመጀመሪያ ዜማ "ሪቶርና ቪንቺቶር" ነው። አገባቡን ልብ በሉ። የኢትዮጵያ ጦር መምጣቱ ተሰምቷል፤ አምኔሪስ ለራዳሜስ ሰንደቅ ሰጥታ ድል አድርገህ ተመለስ ትለዋለች፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ ይቀበላታል። አይዳም ሳታስበው አብራ ትላለች። ሁሉም ወጥቶ ብቻዋን ስትቀር ከአፏ የወጣው ቃል ተመልሶ ይመጣባታል። የመረቀችው አባቷን ሊወጋ የሚሄደውን ሰው ነው።

በዚያ ዘመን የጣሊያን ኦፔራ ሕግ መሠረት ለእንዲህ ያለ ቦታ የተዘጋጀ ቅርጽ ነበረ፤ መጀመሪያ ረጋ ያለ ዜማ፣ ቀጥሎ ፈጠን ብሎ የሚያስጨበጭብ ዜማ። ቬርዲ ይህን ቅርጽ ለአይዳ ነፈጋት። በምትኩ ስሜትዋ ሲገለባበጥ ሙዚቃውም አብሮ ይገለባበጣል። በደነገጠ፣ ንግግር በሚመስል ዜማ ትጀምራለች፤ አባቷ በሠረገላ ኋላ ታስሮ ሲመጣ ታያለች፤ አማልክቱ ያን ቃል እንዲሽሩላት፣ የግብፅ ጦር እንዲበተን ትለምናለች። ወዲያው ግን ምን አልሁ ብላ ትቆማለች፤ ክላርኔቱ ያንን ከመጋረጃው በፊት የሰማነውን ዜማዋን ያነሣል፤ የግብፅ ጦር ከተበተነ የሚሞተው ራዳሜስ ነው። ከዚያ አባትና ወዳጅ የሚሉትን ሁለቱን የተቀደሱ ስሞች አንድ ላይ መጥራት እንዳቃታት የሚናገር፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ክፍል በላ ፍላት ማይነር ይመጣል። የዚያ ዘመን አድማጭ እንግዲህ ማሳረጊያው ሊመጣ ነው ብሎ ይዘጋጃል። ማሳረጊያው አልመጣም። ሙዚቃው ወደ ላ ፍላት ሜጀር ይሻገርና፣ ቫዮሊኖች ከሥሯ እየተንቀጠቀጡ፣ የምሕረት ልመና ብቻ ይቀራል። ልመናው ከፍ አይልም፣ ጌጥ የለውም። ድምፅዋ እየቀነሰ ከመድረክ ትወጣለች። ይኸው ልመና በሁለተኛው ገቢር አምኔሪስ ምሥጢሯን ካወጣችባት በኋላ እንደገና ይመጣል፤ ሁለቴ ተለምኖ ሁለቴም መልስ ያላገኘ ልመና።

የወሎ እንጉርጉሮ ያሳደገው ጆሮ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። የሚያንጎራጉር ሰው ለጭብጨባ አይዘጋም፤ የሚያቆመው ቃሉ ሲያልቅበት ነው።

እንጉርጉሮን ካነሣን ስለ ቅኝት አንድ ነገር በቅርበት እንይ። በመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ራዳሜስ ሰይፍ ሲቀበል፣ ከመድረክ ጀርባ አንዲት ካህን ሴት በሃርፕ ታጅባ ትዘምራለች። ቬርዲ የጥንት ግብፅ ዜማ በእጁ አልነበረውም፤ ሊኖረውም አይችልም። ስለዚህ የሩቅ አገር የሚመስለውን ነገር ራሱ ፈጠረ፤ ከማረፊያው ድምፅ በግማሽ ብቻ ከፍ ያለውን ድምፅ እያስነካ አስኬደው። ለአውሮፓ አድማጭ ይህ እንግዳ ነው። እዚህ ለተቀመጠ ሰው ግን የቤቱ ነው፤ አምባሰል ማለት ይኸው ነው፦ ዶ፣ ዝቅ ያለች ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለች ላ። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትዘፍን ያቺ ዝቅ ያለች ሬ ወደ ማረፊያዋ ስትወርድ የሚሰማን ነገር ለእኛ ሐዘንና ማዕረግ ነው እንጂ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ልዩነቱ አምባሰል ከዝቅተኛዋ ሬ ተነሥቶ ሰፊ እርምጃ ወደ ፋ መራመዱ ነው፤ አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው በመካከሉ ክፍት ቦታ አለ። በነገራችን ላይ የትዝታ ማይነርን አምስት ድምፆች፣ ዶ ሬ ዝቅ ያለች ሚ ሶል ዝቅ ያለች ላ፣ ከሶል ጀምራችሁ ብትደረድሯቸው የአምባሰል አደራደር ይወጣላችኋል። ክራር ያለው ይሞክረው። ሁለቱን ቅኝት የሚለያቸው ዜማው ቤቴ ብሎ የሚያርፍበት ድምፅ ነው።

እንግዲህ ቬርዲ ይህን እንግዳ ቀለም የሰጠው ለማን ነው? ለግብፅ ቤተ መቅደስ ነው። ኢትዮጵያዊቷ የምትዘፍነው ከሁሉ ይልቅ ለቬርዲ ልብ በቀረበው የጣሊያን ዜማ ነው። በዓባይ ዳር የሚመጣው ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ድምፅ የሩቅ አገር ሽታ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን ቀለሙ በመሣሪያው ላይ ነው፣ በአይዳ ጉሮሮ ውስጥ አይደለም። እኔ ከዚህ የምረዳው ደራሲው አይዳን ከሩቅ ሆኖ እንዳላያት ነው።

የድል ሰልፉን ሁላችሁም ሳታውቁት ሰምታችሁታል፤ በኳስ ሜዳና በምረቃ ቀን የሚነፋ ነው። ቬርዲ ለዚህ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ትራምፔቶች አሠራ፤ አንዱ ቡድን በላ ፍላት ይነፋና ሌላው ያንኑ ዜማ በሲ፣ አንድ ተኩል ድምፅ ከፍ አድርጎ ይቀበለዋል። ውጤቱ አዳራሹ በድንገት የተነሣ ያስመስላል። ከዚህ ጩኸት መሐል ነው አሞናስሮ ከምርኮኞቹ ጋር የሚገባው። እንደ አንድ መኮንን ሆኖ ይናገራል፤ ንጉሣችን ሞቷል ይላል፤ ከዚያ የግብፁን ንጉሥ ምሕረት ይለምናል። የልመናው ዜማ በፋ ሜጀር የተሠራ፣ ሰፊና የዋህ ነው፤ አይዳና ምርኮኞቹ ተቀብለው ያስፋፉታል፤ የግብፅ ሕዝብ ሳይቀር ይገባበታል፤ ካህናቱ ብቻ ይሙቱ እያሉ ይቃወማሉ። ውሸታም ሰው በዚህ ኦፔራ ውስጥ ካሉት ሁሉ የቀናውን ዜማ ያወጣል። ውሸቱ ግን ሕዝቡን ለማትረፍ ነው፤ ዜማው የሚናገረውም ይህንን እውነቱን ነው።

ወደ ዓባይ እንውረድ። ሦስተኛው ገቢር የሚከፈተው በአንድ ድምፅ ነው፤ በሶል። ቫዮሊኖቹ ታፍነው ያቺኑ ሶል ከታች እስከ ላይ ይበታትኗታል፣ ቫዮላዎቹ ያንቀጠቅጧታል፣ ቼሎዎቹ በጣት ጫፍ ነካ አድርገው ያፏጯታል፤ ከላይ ፍሉቱ ይንከራተታል። ለብዙ ጊዜ ስምም ድምፅ አይጨመርባትም። ማሲንቆ ባንዲት ጭራ ድምፅ ይዞ ዜማ ሲሄድበት የሰማ የወሎ ሰው ወደዚህ ኦፔራ መግባት ከፈለገ በሩ ይህ ነው። ሌሊት ነው፣ ጨረቃ አለ፣ ውኃው ይሄዳል፤ ይህን ሁሉ ቬርዲ የሠራው ከአንድ ድምፅ ነው።

አይዳ ትገባለች። ራዳሜስ ሊሰናበተኝ ከሆነ የጠራኝ ይህ ውኃ መቃብሬ ነው ትላለች። ከዚያ ኦቦው ይነሣና "ኦ ፓትሪያ ሚያ" ይጀመራል። ይህ ዜማ በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ አልነበረም፤ ቬርዲ ያስገባው ካይሮ ላይ ከመታየቱ ጥቂት ወራት በፊት ነው። ያለ እርሱ አይዳ አገሯን አጥታለች ሲባል እንሰማ ነበር እንጂ አገሯን አናይም ነበር።

የኦቦው ዜማ በላ ማይነር ዙሪያ ይንከራተታል፤ ድምፅዋ ሲገባ ግን ፋ ሜጀር ላይ ያርፋል። ላ የምትባለዋን ድምፅ ተከተሏት። ኦቦው ላይ ቤት ነበረች፤ ፋ ከሥር ሲገባባት ያቺው ድምፅ፣ የፀጉር ያህል እንኳ ሳትንቀሳቀስ፣ እንግዳ ትሆናለች። በእኛ ዘፈን ስሜቱን የሚለውጠው ዘፋኙ ነው፤ ድምፁን ያጎብጠዋል፣ ያርገበግበዋል፣ ይሰብረዋል። በቬርዲ ዘንድ ዘፋኟ ዝም ብላ ይዛ ከሥሯ ያለው ምድር ይነሣል። ስደተኛ የሆነ ሰው፣ ዐረብ አገር ያለች እኅታችሁ፣ ይህን ያለ ኖታ ትረዳዋለች፤ እሷ ያቺው ናት፣ የቆመችበት ነው የተለወጠው።

ዜማው ሁለት ጊዜ ይዞራል። ሰማያዊውን ሰማይ፣ አረንጓዴውን ኮረብታ፣ የወንዙን ዳር ትጠራና ዳግም እንደማታየው ትናገራለች። በሁለተኛው ዙር ድምፅዋ ወደ ከፍተኛው ዶ ይወጣል። ቬርዲ በኖታው ላይ የጻፈው በለስላሳ እንዲወጣ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ መጮኽ ከባድ ነው፤ ማንሾካሾክ እጅግ የከበደ ነው። ብዙ ታላላቅ ሶፕራኖዎች በዚህች አንዲት ድምፅ ተፈርዶባቸዋል። ጥቁር አሜሪካዊቷ ሊዮንቲን ፕራይስ በጃንዋሪ 1985 ከኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው በአይዳ ነበር፤ ይህን ዜማ ስትጨርስ ሕዝቡ ለደቂቃዎች ሲያጨበጭብላት እሷ በቆመችበት እንባዋን ትታገል ነበር። ዜማው እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ደርሶ ሲከስም አይዳ ትንፋሽ ሳትወስድ አባቷን ታያለች። እንደገና አልተዘጋላትም።

አሞናስሮ የመጣው ሊያጽናናት አይደለም። መጀመሪያ በጣፋጭ ዜማ ይጀምራል፤ የሚሸተውን ጫካ፣ ቀዝቃዛውን ሸለቆ እንደገና ታያለሽ ይላታል። እሷ አሁን ብቻዋን የተናገረችውን ናፍቆት አባቷ መሣሪያ አድርጎ ይዞባታል። እምቢ ስትለው ዜማው ቀረርቶ ይሆናል፤ የናስ መሣሪያዎቹ ይነሣሉ፤ የተቃጠለውን ከተማ፣ የሞተችውን እናቷን ይጠራባታል። በመጨረሻ ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ብሎ ይገፈትራታል። በድሮው ልማድ እዚህ ላይ ሁለቱ አብረው የሚዘፍኑት ፈጣን ማሳረጊያ መምጣት ነበረበት። ቬርዲ ለጊዝላንዞኒ በጻፈው ደብዳቤ ይህን አልቀበልም አለ፤ አባቷ የረገማት ልጅ ያን መዝፈን አትችልም፣ የሚኖራት የተቆራረጠ ቃል ብቻ ነው አለ። እንዳለውም አደረገ። አይዳ መሬት ላይ ወድቃ በዝቅተኛ ድምፅ ትመልሳለች። ሰፊው ዜማ ለአባቷ ይሰጣል፤ የተሸነፈ ሕዝብ በአንቺ ብቻ ሊነሣ ይችላል ይላታል። እሷ የምትጨምረው አንዲት ሐረግ ነው፤ አገሬ ሆይ፣ ምን ያህል አስከፈልሽኝ የሚል ሐሳብ ያላት። በኦፔራ ታሪክ ውስጥ እጅ መስጠት እንዲህ በጥቂት ድምፅ የተጻፈበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

የራዳሜስን የፍርድ ትዕይንት ባጭሩ ልለፈው፤ ሆኖም አንድ ነገር አለው። ሊቀ ካህናቱ ራምፊስ ስሙን እየጠራ ሦስት ክስ ያሰማል፤ እያንዳንዱ ክስ ከቀደመው በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ራዳሜስ ለሦስቱም መልስ አይሰጥም። በዜማ በሚናገር ቴአትር ውስጥ ዋናው ሰው ዝም ይላል፤ በውጭ የቆመችው አምኔሪስ ብቻ ትጮኻለች።

ከዚያ መቃብሩ። መድረኩ ሁለት ፎቅ ይሆናል፤ ከላይ የበራው ቤተ መቅደስ፣ ከታች ጨለማው። አይዳና ራዳሜስ ምድርን ይሰናበታሉ። የስንብቱ ዜማ ሶል ፍላት ሜጀር ነው፤ ሰፊ ዝላይ ወደ ላይ ይዘልና ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ያው ሐረግ ደጋግሞ ይመጣል፤ እርሷ ትጀምራለች፣ እርሱ ይደግመዋል፣ በመጨረሻም ሁለቱ በአንድ ዜማ ይዘፍኑታል። የተቆረጠ ነገር የለም፤ የሚገባባቸው ሰው የለም። ከሦስት ገቢር በላይ የተነፈገችውን የተሟላ ዜማ አይዳ እዚህ አገኘችው፤ ድንጋዩ ከላይ ከተዘጋ በኋላ። ከላይ አምኔሪስ በአንዲት ድምፅ ላይ ቆማ ሰላም ትለምናለች፤ የካህን ሴቲቱ የአምባሰል ዘመድ ዜማም ከሩቅ ይሰማል።

ምሁሩ ኤድዋርድ ሰዒድ በ1993 ባሳተመው "ባህልና ኢምፔሪያሊዝም" በተሰኘው መጽሐፉ "አይዳ"ን ምሥራቁን ለአውሮፓ ዓይን ያቀረበ የዘመነ ቅኝ ግዛት ትርዒት አድርጎ ተችቶታል። ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ማሪየት፣ ስለ ካይሮ አዳራሽ የሚለው ልክ ነው። ገንዘቡን የከፈለው ሰው ምን እንዳሰበ ከጉንደት የበለጠ ምስክር አያስፈልገውም። ነገር ግን ኖታውን ዘርግቶ ለሚያነብ፣ ዜማው ከከፋዩ ጎን አልቆመም። ቬርዲ ያደገው ጣሊያን በባዕድ እጅ ተከፋፍላ በነበረችበት ዘመን ነው፤ የተያዘ አገር ልጅ ምን እንደሚሰማው ያውቃል፤ ያንን ስሜት ያስቀመጠውም በኢትዮጵያዊቷ ውስጥ ነው። ያቺው ጣሊያን አድዋ ላይ ስትሸነፍ እርሱ የ82 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ በሕይወት ነበር። ኦፔራው ዛሬም በቬሮና የሮማውያን ስታዲየም፣ ከ1913 ጀምሮ፣ ዝሆን በሚያህል ጌጥ ይታያል። ጌጡን ተዉት። አይዳ ብቻዋን ስትቆም ስሙ።

እኔ የምመኘው ሦስተኛው ገቢር በአማርኛ ሲዘፈን መስማት ነው። ሙሉው አይደለም፤ የዓባዩ ዳር ብቻ። ጥቂት ድምፅና ኦርኬስትራ ይበቃዋል፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያወጣቸው ልጆች አሉን። ኦቦውን በማሲንቆ እንለውጥ የሚል ካለ አልስማማም፤ ያቺ ላ እንግዳ የምትሆነው ፋ ሲገባባት ነውና ስምሙን ካነሣን ዜማውን ገደልነው። ሥራው ያለው በቃሉ ላይ ነው። ጣሊያንኛ ቃል አብዛኛውን በአናባቢ ያልቃል፤ አማርኛ ብዙ ጊዜ በሳድስ ይዘጋል። ከፍተኛው ዶ ላይ አፍ መከፈት አለበትና እዚያ ራብዕ ወይም ኀምስ ያለው ፊደል መውደቅ ይኖርበታል፤ ሳድስ ከወደቀ ዘፋኟ ትታነቃለች። አዝማሪዎቻችን ይህን ያለ ትምህርት ደርሰውበታል፤ ድምፅ ከፍ ሲል አይ፣ ዬ፣ ሆይ ጨምረው ይወጣሉ። በሌላ በኩል ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ማጥበቅ። ጣሊያንኛም እንደ እኛ ፊደል ያጠብቃል፤ ቬርዲም ለጠበቀው ፊደል ጊዜ እየቆረጠ ነው የጻፈው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሲዘፈን የሚጠፋው ጉልበት በአማርኛ ሊተርፍ ይችላል። ባለቅኔዎች ከተገኙ፣ ቤት መምታቱን ትተው ለፊደሉ ክፍትና ዝግ የሚጠነቀቁ፣ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። እዚህ ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ግጥም የሚጽፍ ካለ መጨረሻ ላይ ያነጋግረኝ፤ የቀለም አቆጣጠሩን ቆጥሬ ይዤ መጥቻለሁ።

አሁን የሦስተኛውን ገቢር መጀመሪያ እናደምጣለን። ሶሏን ያዙ፤ ኦቦው ሲገባ ላን ያዙ፤ ከዚያ ዶዋ ስትመጣ ዘፋኟ መጮኽ ወይም ማለስለስ መምረጧን ፍረዱ። ጥያቄ ያላችሁ ዜማው እንዳለቀ እጃችሁን አንሡ።